ጀርማኒየም፦ ከንግድ ፉክክሩ ጀርባ ያለው የኮምፒዩተር ስሌት

ቻይና ከሐምሌ 25 ቀን 2015 ዓ.ም ጀምሮ ጀርማኒየምና ጋሊየም የተባሉ ብረቶች ያለ ልዩ ፈቃድ ከሀገር እንዳይወጡ አድርጋለች። በኅዳር 2017 ዓ.ም ወደ አሜሪካ መላካቸውን ጨርሶ ከለከለች፤ ክልከላው በጥቅምት 2018 ዓ.ም መጨረሻ ለጊዜው ተነሥቷል። በመጋቢት 2017 ዓ.ም ደግሞ ሳማሪየምንና ተርቢየምን ጨምሮ ሰባት ብርቅዬ የምድር ብረቶች በፈቃድ ብቻ እንዲወጡ ተወስኗል።

ነገሩ ከአርሶ አደሩ ማሳና ከከተማው ነዋሪ ደጅ የራቀ ይመስላል። ይሁንና ኢንተርኔት በሚያደርሰው የፋይበር ገመድ ውስጥ ብርሃኑ መንገዱን እንዳይስት የሚያደርገው በመስታወቱ እምብርት የሚጨመር የጀርማኒየም ውሑድ ነው።

ጀርማኒየም በአብዛኛው ለብቻው አይቆፈርም። ዚንክ ሲጣራ ከሚቀረው ተረፈ ምርትና ከድንጋይ ከሰል አመድ ይለቀማል። በዚህም ምክንያት ዋጋው ቢንርም ምርቱን በአንድ ጊዜ ማሳደግ አይቻልም፤ ጭድ ስለተወደደ ብቻ ጤፍ ሳይዘሩ ጭድ ማምረት እንደማይቻል ማለት ነው።

ይህን ብረት በተመለከተ ከሚደረጉ ምርምሮች አንዱ ጥቂት የጀርማኒየም አቶሞች ከአንድ የብርቅዬ ብረት አቶም ጋር ሲሰባሰቡ የሚይዙትን ቅርጽና ባሕርይ በኮምፒዩተር ማስላት ነው። ባያን ኦቦ የተባለው የዓለማችን ትልቁ የብርቅዬ ብረቶች ማዕድን ማውጫ በሚገኝበት በቻይናው የውስጥ ሞንጎሊያ ግዛት ያሉ ተመራማሪዎች በዘርፉ ተደጋጋሚ ጥናቶችን አውጥተዋል።

ስልሳ የካርቦን አቶሞች ተያይዘው ውስጡ ክፍት የሆነ ኳስ ይሠራሉ። የጀርማኒየም አቶሞች ግን ለብቻቸው እንዲህ ያለውን ቅርጽ አጽንተው መያዝ ይቸግራቸዋል። መካከላቸው ተስማሚ የብረት አቶም ሲገባ ዙሪያውን አቅፈውት ሊጸኑ ይችላሉ፤ ጎጆ በምሰሶው እንደሚቆም። የብርቅዬ ብረቶች አቶሞች ደግሞ በውስጠኛው ክፍላቸው ያሉትን ኤሌክትሮኖች ለጎረቤት በቀላሉ አይሰጡም፤ በመሆኑም የመግነጢስ ባሕርያቸው በብዙዎቹ ስብስቦች ውስጥ ሳይጠፋ ይቆያል። ተመራማሪዎችን የሚስበውም ይኸው ነው።

ስሌቱ የሚመራው ዋልተር ኮን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማትን በተጋራበት ንድፈ ሐሳብ ነው። እያንዳንዱን ኤሌክትሮን ለየብቻ ከመከተል ይልቅ የሁሉንም ጥግግት ያሰላል። ኮምፒዩተሩ የሚፈልገው አነስተኛው ኃይል ያለውን አደራደር ሲሆን፣ አንድ አቶም በተጨመረ ቁጥር የአደራደሩ አማራጮች እጅግ ይበዛሉ። በተራራ ወገብ ላይ ባለች ጎድጓዳ ስፍራ የታቆረ ውኃ ከታች ወዳለው ሸለቆ እንደማይደርስ ሁሉ፣ ስሌቱም ትክክለኛ ባልሆነ ቅርጽ ላይ ሊቆም ይችላል።

ስለዚህ የስሌት ውጤትን “አዲስ ቁስ ተገኘ” ብሎ ማወጅ አግባብ አይደለም። ስብስቦቹ አየር በሌለበት ክፍል በሌዘር ተመትተው ኤሌክትሮናቸው የሚላቀቅበት ኃይል ይለካል፤ የተለካውና የተሰላው ሲገጥሙ ቅርጹ ተአማኒነት ያገኛል። በክፍሉ የታየውን በኪሎ ማምረት ደግሞ ሌላ ሥራ ነው፤ የጀርማኒየምን የገበያ እጥረትም አያቃልልም።

ጥቅሙ ሌላ ነው። የትኛው ጥምረት ቢሞከር እንደሚያዋጣ ውዱን ብረት ሳያባክኑ አስቀድሞ ያመለክታል። ማዕድኑ በእጃቸው የሌለ ሀገራት ምሁራንም በዚህ ሥራ መሳተፍ ይችላሉ፤ የሚያስፈልጋቸው የሠለጠነ ሰው፣ ብርቱ ኮምፒዩተርና የማይቆራረጥ መብራት ነው።