የዱቤው ደብተር ይዘጋ ወይስ ይቆይ?

ይዘጋ

የሰፈር ሱቅ ሁሉ ከመደርደሪያው ጀርባ ጠርዙ የተላላጠ ደብተር አለው። ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ ሳሙናው፣ የሞባይል ካርዱ ሳይቀር ይጻፍበታል፤ ደመወዝ ሲወጣ ይሰረዛል። ዋጋ ከዓመት ዓመት በማይነቃነቅበት ዘመን ይህ ያስኬድ ነበር።

ዛሬ ግን ሒሳቡን እንየው። ባለሱቁ በ920 ብር ያመጣውን ዕቃ በ1,000 ብር በዱቤ ሰጠ እንበል። ደንበኛው ጨዋ ነው፤ ወሩ ሲያልቅ ሳያጓድል ከፈለ። ባለሱቁ ያንኑ ዕቃ ለመተካት መርካቶ ሲወርድ 1,020 ተባለ። ማንም አልካደውም። ነገር ግን 80 ብር አተረፍኩ ያለው ሰው መደርደሪያውን ለመሙላት 20 ብር ከኪሱ ጨመረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ያን ክረምት ከውጭ የሚገባ ዕቃ በዱቤ ያስወጣ ሁሉ ገንዘቡን የሰበሰበው በአሮጌው ዋጋ ነው።

ደብተሩ ደግሞ ዱቤውን እንጂ ንግዱን አይመዘግብም። በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ የደረጃ ሐ ነጋዴዎች ለግብር የተገመተው የቀን ገቢ ሲነገራቸው የተነሣውን ጩኸት እናስታውሳለን፤ በአንዳንድ ከተሞች ሱቆች እስከመዘጋት ደርሰው ነበር። «ተጋኖብኛል» ያለው ነጋዴ እውነት ሊኖረው ይችላል። የዕለት ሽያጩን የሚያሳይበት ምን ማስረጃ ነበረው? የጎረቤት ስም የሞላበት ደብተር። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በእጃችን ነው፤ ኤም-ፔሳም በ2015 ዓ.ም. ተከትሎታል። በስልክ የተከፈለ እያንዳንዱ ሽያጭ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ይቀመጣል። (በስልክ ልክፈል ሲሉት «ኔትወርክ የለም» የሚለው ባለሱቅ የሚፈራው ኔትወርኩን እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን።) ግብሩን ፈርቶ ማስረጃ አልባ መሆን ግን ለገማች መጋለጥ ነው።

ይቆይ

የባልደረባዬ ስሌት ልክ ነው። የሳሉት ባለሱቅ ግን በገዛ ገንዘቡ የሚነግድ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለውን በሰፈሬ አላየሁም። የብዙዎቹ ሱቆች መደርደሪያ የሚሞላው ራሱ በዱቤ ነው። የመርካቶ ጅምላ ነጋዴ ለሚያምነው ሰው ካርቶኑን አሸክሞ ይሸኘዋል፤ ሸጦ ያስገባለታል። ባንኩ «ቤት ወይም መኪና አስይዝ» በሚልበት አገር የባለሱቁ ካፒታል ይህ እምነት ነው። ከላይ የተቀበለውን እምነት ወደ ታች ሲያቀብል ኋላቀር የሚባልበት ምክንያት አይታየኝም።

ደንበኛውስ ማን ነው? ደመወዙ ወር የማያደርሰው አስተማሪ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚከፈለው የግንባታ ሠራተኛ ነው። ስሙ ደብተር ላይ ያለ ሰው አምስት ብር ይረክሳል ብሎ ሱፐርማርኬት አይሄድም።

ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «ቴሌብር እንደኪሴ» የሚባል አገልግሎት ጀመረ። ስትገዙ ሒሳባችሁ ሳይበቃ ሲቀር ጎደሎውን ይሞላላችኋል፤ ኋላ ከነአገልግሎት ክፍያው ትመልሳላችሁ። ይህ ዱቤ ካልሆነ ምንድን ነው? ትልልቆቹ ገና የጀመሩትን ንግድ ትንሹ እንዲተወው መምከር ለማን ይጠቅማል?

መጣል ያለበት ልማድ ያለው መሳቢያው ውስጥ ነው። ጠዋት ለልጆች ትራንስፖርት፣ ቀትር ላይ ለአስቤዛ፣ ማታ ለእድር እየተባለ ከሽያጩ ይነሣል፤ አንዱም አይጻፍም። ልጁ ብስኩት ያነሣል፣ የአክስት ልጅ ለስላሳ ይከፍታል። ባለሱቁ ለራሱ ደመወዝ ስለማይቆርጥ የሱቁና የቤቱ ገንዘብ የት ላይ እንደሚለያይ አያውቅም። ብዙ ሱቅ ከደንበኛው ይልቅ በቤተሰቡ ነው የሚከስረው። ዱቤው እኮ ቢያንስ ተጽፏል!

መልስ፦ ይዘጋ ከሚሉት

ስለ መሳቢያው ያሉትን ሳላንገራግር እቀበላለሁ። የጅምላ ነጋዴው ዱቤ ግን ቀን አለው፤ ቀኑ ካለፈ ሁለተኛ ካርቶን አይወጣም። የሰፈሩ ዱቤ ቀን የለውም፤ ያለው ይሉኝታ ነው። ለቅሶ አብሮት የተቀመጠን ጎረቤት «ዕዳህ በዝቷል፣ ዛሬ ዘይት የለም» ብሎ የሚመልስ ባለሱቅ ስንት ነው? ስልኩ ግን ይሉኝታ አያውቅም፤ ያልከፈለውን ይከለክላል። እንግዲያው ዱቤውን ስልኩ ይስጥ፣ ባለሱቁ ገንዘቡን ወዲያው ይቀበል።

መልስ፦ ይቆይ ከሚሉት

ከስልኩ የተበደረ ደንበኛ ገንዘቡን የትም ሄዶ ያጠፋዋል። ከደብተሩ የወሰደ ወደዚያው ሱቅ ይመለሳል፤ የሱቅ ትርፍ የሚመጣውም ከተመላላሽ ደንበኛ ነው። ይሉኝታው እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን ደብተሩን ማቃጠል አይደለም። ባለሱቆች፣ ያለፉትን ሁለት ወራት ገጾች ግለጡና በቀኑ የከፈለውን ካልከፈለው ለዩ። ለከፈለው የዱቤ ጣሪያና የመክፈያ ቀን ወስኑ፣ ዋጋ በሚዋልልበት ሰሞን ጣሪያውን ዝቅ አድርጉ። ላልከፈለው ዱቤውን ዛሬውኑ አቁሙ፤ ጎረቤትም ቢሆን።