መንገዱ ቀበሌው ደርሷል፤ ጎጡስ?

የህንድ መንግሥት የሕዝብ ቆጠራ ባካሄደ ቁጥር ስለ እያንዳንዱ የገጠር መንደር መዝገብ ያወጣል። በመዝገቡ ላይ የነዋሪው ቁጥር ይሰፍራል። አውቶቡስ መንደሩ ይገባ እንደሆነም ይጻፋል፤ ካልገባ የቅርቡ ፌርማታ ከ5 ኪሎ ሜትር በታች፣ ከ5 እስከ 10 ወይም ከ10 በላይ እንደሚርቅ ይገለጻል። እ.ኤ.አ በ2011 በተካሄደው ቆጠራ ሰው የሚኖርባቸው መንደሮች ወደ 600 ሺህ ይጠጉ ነበር። ለእያንዳንዳቸው ይህ ተመዝግቧል።

ደረቅ ቁጥር ቢመስልም ሥራ ላይ ውሏል። እ.ኤ.አ በ2000 መጨረሻ የተጀመረው የህንድ የገጠር መንገድ ፕሮግራም መንገድ ለማን ይቅደም የሚለውን በነዋሪ ብዛት ወሰነ። ቅድሚያው 1 ሺህና ከዚያ በላይ ሰው ላላቸው፣ ቀጥሎ 500 ለደረሱ ነበር። በተራራማና በረሃማ አካባቢዎች መነሻው ወደ 250 ዝቅ ብሏል።

ለወረዳ አመራሮች ትልቁ ቁም ነገር ግን ቁጥሩ የተወሰደበት ቦታ ነው። ፕሮግራሙ የለካው በአስተዳደር የተከለለውን መንደር ሳይሆን ሰው ተሰባስቦ የሚኖርበትን ሰፈር ነው። በኢትዮጵያ አነጋገር ቀበሌውን ሳይሆን ጎጡን እንደማለት ነው። በሜዳማ ስፍራ ክረምት ከበጋ ከሚያገለግል መንገድ 500 ሜትርና ከዚያ በላይ የራቀ ሰፈር መንገድ እንዳልደረሰው ይቆጠራል።

በኢትዮጵያ በ2003 ዓ.ም የተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ግቡን ያስቀመጠው በቀበሌ ነው። ብዙ ቀበሌዎችን ከጨለማ አውጥቷል፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን መንገዱ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ሲደርስ ሪፖርቱ "ቀበሌው ተገናኝቷል" ይላል። ከወንዝ ማዶ ያለው ጎጥ ዛሬም ማዳበሪያውን በአህያ፣ ምጥ የያዛትን እናት በቃሬዛ ነው የሚያመላልሰው። በሪፖርቱ ውስጥ ያ ጎጥ የለም።

ጎጥ በጎጥ የነዋሪ ብዛትና የመንገድ ርቀት መመዝገብ አዲስ በጀት አይጠይቅም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤተሰብ ማህደር አላቸው፤ የግብርና ባለሙያዎችም አባወራውን በስም ያውቁታል። ርቀቱ ግን በበጋና በክረምት ለየብቻ ይጻፍ። ወንዝ ሲሞላ የአንድ ሰዓት መንገድ የግማሽ ቀን ይሆናልና።

እርግጥ ቁጥር ገንዘብ የሚያመጣ ሲሆን ማባበጡም ይመጣል። ሳም አሸርና ፖል ኖቮሳድ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2020 ባሳተሙት ጥናት በፕሮግራሙ በኩል ሪፖርት የተደረገውን የሕዝብ ቁጥር ትተው በቆጠራው ቁጥር ተጠቅመዋል፤ የመጀመሪያው ከመነሻው ጥቂት ከፍ ብሎ የሚገኝ አጠራጣሪ ክምችት ነበረበትና። ስለዚህ የጎጡ ቁጥር በነዋሪው ፊት ይነበብ።

የእነዚሁ ሰዎች ግኝት ሌላም ማስጠንቀቂያ አለው። አዲስ መንገድ በደረሳቸው የህንድ መንደሮች ብዙ ሰው ከእርሻ ወደ ሌላ ሥራ ተሻግሯል፤ በምርት፣ በገቢና በንብረት ላይ ግን ጎልቶ የታየ ለውጥ የለም። መንገድ ብቻውን ማሳ ላይ ምርት አይጨምርም። ምርጥ ዘር በወቅቱ ካልመጣ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ እህሉን ካልተረከበ፣ መኪና በታሪፍ ካልሠራ፣ መንገዱ ወጣቱን ወደ ከተማ መሸኛ ብቻ ሊሆን ይችላል። ያም ቢሆን ለቤተሰቡ ጥቅም ሊኖረው ይችላል፤ የግብርና ጽሕፈት ቤት ዕቅድ ግን በዚያ አይሞላም።

ጥገናን በተመለከተ የህንዱ አሠራር ግልጽ ነው፤ መንገዱን የሠራው ተቋራጭ ለ5 ዓመት የመጠገን ግዴታ በዚያው ውል ውስጥ ይገባል። አርሶ አደሩ ክረምት ከመግባቱ በፊት ቦይ መጥረግ ይችላል፤ ሲያደርገውም ኖሯል። ጎርፍ የበላውን ድልድይ ግን በዶማ አይመልሰውም። የዚያ ወጪ መንገዱ ሲፈረም አብሮ ይፈረም።