ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ዋጋ አይደለም

አዲስ አበባ ውስጥ ሜኑ ማንበብ የሒሳብ ፈተና ሆኗል። ሜኑው 500 ይላል። በላዩ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ይደመራል፤ በድምሩ ላይ ደግሞ 15 በመቶ ቫት። 500 ብር የተባለው ምሳ 632 ብር ከ50 ሆኖ ይመጣል። ከተጻፈው ዋጋ ከሩብ በላይ የሆነ ገንዘብ ተደብቋል ማለት ነው።

ባለፈው ወር መጨረሻ ታናሽ እህቴን ምሳ ልጋብዛት ቦሌ አካባቢ አንድ ምግብ ቤት ገባን። ቅንጡ ቤት አይደለም፤ ተራ፣ ተማሪና ሠራተኛ የሚበላበት ነው። ኪሴ ውስጥ 600 ብር አለ። ሽሮ 220፣ ፓስታ 230፣ ውሃ 50፤ የቀረችው መቶ ብር ለታክሲና ለቲፕ። ሽሮው ሳይንተከተክ ለብ ብሎ መጣ፤ ፓስታው ተያይዟል። እሺ፣ ይሁን። ቢሉ ሲመጣ ግን እህቴ ፊቴን አየችና ምንም ሳትል የታክሲዋን 50 ብር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሽሮው ያላቃጠለኝን ያ 50 ብር አቃጠለኝ።

«ቫትን አይጨምርም» የሚለው ወረቀት ሜኑው ላይ አልነበረም፤ ካሸሯ ጀርባ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ማለትም የምታነቡት ስትከፍሉ ነው። ሰርቪሱ ይደርሳት እንደሆነ አስተናጋጇን ጠየቅኳት። «ኧረ ወንድሜ፣ እኛ የምናውቀው ቲፑን ነው» አለችኝ።

«ካልቻልክ ቤትህ ብላ» የሚል አይጠፋም። ውድ ነው አላልኩም እኮ! ዘይቱም፣ ጤፉም፣ ኪራዩም እንደጨመረ አውቃለሁ፤ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የሁላችንም ኪስ ያውቀዋል። ቫትም ይከፈል፣ ግዴታ ነው። ግን 220 የተባለው ሽሮ በእውነት 278 ብር ከሆነ፣ 278 ብላችሁ ጻፉት። አንብቤ እወስናለሁ፤ ካልቻልኩም ሳልቀመጥ እሄዳለሁ። ጠቤ ከድብብቆሹ ነው።

ሕጉም ከእነሱ ጋር አይደለም። የ2006ቱ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ነጋዴ የሚለጥፈው ዋጋ ታክስን ያካተተ እንዲሆን ያዛል።

ታዲያ ለምን ቀጠለ? በይሉኝታችን ነው። «ጠቅላላው ስንት ይመጣል?» ብሎ መጠየቅ የድሃ ጥያቄ ይመስለናል። ጋባዥ ስትሆኑማ ጭራሽ ነውር ነው። ቤቶቹ ይህችን ያውቋታል፤ የሚነግዱትም በእሷ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ልዩነቱን ሳያይ ይከፍላል፤ የሚዋረደው ቆጥሮ የመጣው ነው።

ሰፈራችን ያሉትን የሽሮ ቤቷን እትዬ «ስንት ነው?» ስትሏቸው «120 ልጄ» ይላሉ፤ 120 ትከፍላላችሁ፣ አለቀ። ቫት የማይሰበስቡ ትንሽ ቤት ስለሆኑ ነው ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ቫት የሚሰበስበው ቤት ግን ካሽ ሬጅስተር አለው፤ መደመር አያቅተውም።

ስለዚህ ከማዘዛችን በፊት፣ ጎረቤት ጠረጴዛ እስኪሰማ ድረስ፣ «ሁሉንም ጨምሮ ስንት ነው?» እንበል። ማፈር ያለበት ዋጋውን የደበቀው ነው።