ዩቢኩቲን ለጋምቤላ ልጅ ምን ያደርግለታል?

ሰሞኑን አንድ ስብሰባ ላይ፣ አንድ የተማረ ሰው «የጋምቤላን ልጅ ወባ እያንቀጠቀጠው ስለ ዩቢኩቲን ላይጌዝ ማስተማር ቅንጦት ነው» አለ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ሲያንገበግበኝ ስለሰነበተ፣ እነሆ መልሴ።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ሴል እንደ መድኃኒት መጋዘን ነው፤ የተበላሸውን ለይቶ «ይወገድ» የሚል ምልክት የሚለጥፍ ሠራተኛ ይፈልጋል። ምልክቱ ዩቢኩቲን የምትባል ትንሽ ፕሮቲን ናት፤ ለጣፊው ደግሞ ላይጌዝ የተባለው ኢንዛይም ነው። ምልክቱ ሲደራረብበት ፕሮቲኑ ፕሮቲያዞም ውስጥ ገብቶ ይከታተፋል። ሁሉም ምልክት ግን የሞት ፍርድ አይደለም፤ «ቦታ ቀይር»፣ «ሥራ ጀምር» የሚልም አለ። ይህን የማስወገጃ ሥርዓት የደረሱበት ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2004 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል።

«ታዲያ ወባ የት ገባ?» በሉኛ!

የወባ ተሕዋስም ይህንኑ ሥርዓት ይጠቀማል። ኮአርተም ውስጥ ያለው የአርቴሚሲኒን ዘር መድኃኒት የተሕዋሱን ፕሮቲኖች ያበላሻል፤ ተሕዋሱም የተበላሹትን በዩቢኩቲን እያስመለከተ፣ እያስወገደ ነፍሱን ለማትረፍ ይታገላል። ኬልች 13 የሚባል ፕሮቲንም አለው፤ ቅርጹ ለላይጌዝ ሥራ መርጠው ከሚያቀርቡ ፕሮቲኖች ጋር ይመሳሰላል። ትክክለኛ ሥራው አሁንም ያከራክራል። ሲለወጥ ግን ተሕዋሱ የሚውጠው ሄሞግሎቢን ይቀንሳል። መድኃኒቱን የሚቀሰቅሰው ከሄሞግሎቢን የሚወጣው ሄም ስለሆነ፣ ጉልበቱ ይደክማል።

አሁን ስሙኝ። እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 ከአማራ፣ ከትግራይና ከጋምቤላ ሕሙማን የተወሰደ ደም ተመርምሮ ውጤቱ በ2023 ሲታተም፣ 622አይ የተባለው የኬልች 13 ለውጥ ከመቶ 8 ገደማ በሆነው ላይ ተገኘ። እኛ ጋ ከሁለቱ ያነሰ ነው፤ ግን አለ።

እንግዲህ ፍረዱ። የጋምቤላ ልጅ ደሙን ለጥናቱ ሲሰጥ ቅንጦት ያላለው ሰው፣ ስለ ደሙ የተጻፈውን ማንበብ ሲፈልግ ነው ቅንጦት የሚለው? ደም ሰጪ ብቻ ሆነን እስከ መቼ? ነገ ባሮ ዳር ላቦራቶሪ ቢቆም ማን ሊሠራበት ነው?

ደግሞ አትደንግጡ። መድኃኒቱ አሁንም ያድናል፤ አብሮት ያለው ሁለተኛው መድኃኒትም አለ። ስለዚህ የ3 ቀኑን ጨርሱ፤ ትንሽ ሲሻላችሁ ግማሹን «ለሚቀጥለው ወባ» ብላችሁ አታስቀምጡ።

መምህራን ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዩቢኩቲንን አስተምሩ። የሚስቅ ይሳቅ።