«ወንዝ ይወስደዋል» ማለት ይቅርብን



ሰፈራችን ውስጥ «ወንዝ ይወስደዋል» የሚባል ነገር አለ። ፌስታል፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የተበላሸ ምግብ፣ ምኑ ቅጡ፣ ከድልድይ ላይ ይወረወርና «ተወው፣ ወንዝ ይወስደዋል» ይባላል። እኔ ግን የት ነው የሚወስደው? ብዬ እጠይቃለሁ።

የእኛ ወንዝ ቀበና ነው። የሚነሳው ከእንጦጦ ተራራ፣ ከዛፎቹ መሃል ነው። በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ይወርዳል፣ ግንፍሌ ይቀላቀለዋል፣ ካዛንቺስን በጎን አልፎ ወደ ኡራኤል ይሄዳል። እኛ ጋ ሲደርስ ቀለሙም ሽታውም ሌላ ነው። ይህን መንገድ እኮ ሰው በግማሽ ቀን በእግሩ ይጨርሰዋል! ከእኛ በላይ ደግሞ ሌላ ከተማ የለም። ስለዚህ ያቆሸሸነው እኛው አዲስ አበቤዎች ነን።

ቀበና ትልቁ አቃቂ ውስጥ ይገባል። አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ፣ እንቦጭ ወደወረረው ሐይቅ ማለት ነው፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽ ደግሞ በቆቃ አልፎ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አፋር ቆላ ውስጥ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ያልቃል። ባሕር አይደርስም። በመንገዱ ሁሉ ከብት የሚያጠጡበት፣ ራሳቸውም የሚጠጡት ሰዎች አሉ።

ለእኛም ይመለስልናል። አቃቂ አካባቢ በዚሁ ውኃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይመረታል፤ ተጭኖም አዲስ አበባ ገበያ ይመጣል። አፈሩን እናቶቻችን አጥበው ያስለቅቁታል። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ክሮሚየም ግን ተክሉ ውስጥ ስለሚገባ በማጠብ አይለቅም።

አንዳንድ ልጆች «ፋብሪካና የሽንት ቤት ፍሳሽ እያለ የእኔ ፌስታል ምን ያመጣል?» ይላሉ። እውነት አላቸው፣ ትልቁ ብክለት ከፌስታል አይደለም የሚመጣው። ነገር ግን ፌስታል አይበሰብስም። ክረምት ሲገባ ድልድይ ሥር ይወተፍና ጎርፉ ወንዝ ዳር ያሉ ሰዎች ቤት ይገባል። እነሱን ደግሞ እናውቃቸዋለን፣ የክፍላችን ልጆች ናቸው።

በ2011 ዓ.ም. 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ የማልማት ሥራ ይፋ ሆኗል። በ2017 ደግሞ ወንዝ የሚበክል እንዲቀጣ ደንብ ወጥቷል። ደስ ይላል። ግን ዳሩ አበባ ሆኖ ውኃው ከሸተተ ማን ይቀመጥበታል?

መምህራኖቻችንን አንድ ነገር ልለምን። ዓባይ የት እንደሚገባ ብትጠይቁን ሁላችንም እጃችንን እናወጣለን። ቀበናን ብትጠይቁን ግን ክፍሉ ጭጭ ነው የሚለው። ስለዚህ በማኅበራዊ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ከእንጦጦ እስከ ኡራኤል ውሰዱን። በሦስት ቦታ ጓንት አድርገን ውኃ እንቅዳና ሰኞ ሰልፍ ላይ ጎን ለጎን ይታይ። ጠርሙሶቹን እኔ አመጣለሁ።