ወቅት ከሥዕል ወይስ ከሰማይ?

ሕፃን ጊዜን የሚያውቀው በቁጥር አይደለም፤ በዓይኑ አይቶ፣ በጆሮው ሰምቶ፣ ጭቃውን በእግሩ ረግጦ ነው። እስከ 10 መቁጠር ያልቻለ ልጅ እንኳ ጅራፍ ሲጮኽ የቡሄን መድረስ፣ አደይ ሲፈነዳ የዓመቱን መለወጥ ይረዳል። የመምህሩ ተግባር ለዚህ ዕውቀት ስም ሰጥቶ ሥርዓት ማስያዝ መሆን ሲገባው፣ በአንዳንድ የሕፃናት መማሪያ ክፍሎች የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው። በግድግዳው ላይ 4 ዛፎች ተሥለዋል፤ አንዱ ያበበ፣ አንዱ የለመለመ፣ አንዱ ቅጠሉ የረገፈ፣ አንዱ በበረዶ የተሸፈነ። ከመስኮቱ ውጭ የቆመው ባሕር ዛፍ ግን ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው! ታዲያ ልጁ ማንን ይመን? ሥዕሉን ወይስ ዓይኑን?

ጉዳቱ ከሥዕሉ አልፎ ቃሉንም ነክቷል። በበረዶው ዛፍ ሥር «ክረምት» ተብሎ ይጻፋል፤ በዚህ አገር አቆጣጠር ግን ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 የሚዘልቅ የዝናብና የእርሻ ወቅት ነው። ባበበው ዛፍ ሥር «ጸደይ» ይባልና ከመስከረም አደይ ጋር ይዛመዳል፤ በባሕረ ሐሳብ ግን ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ሲሆን፣ ክረምትን የሚከተለው መጸው ነው። ይህን ስሕተት ያራባው የሕፃናት መጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ መስከረምን በጸደይ ስም የሚያወድሰው ገጣሚም ድርሻ አለው።

«ዓለም የሚቆጥረው 12 ወር ነውና ልጁም ከዚያ ይጀምር» የሚሉ ወገኖች አሉ። ልጁ የሌላውን አቆጣጠር መማሩን የሚቃወም የለም፤ ጥያቄው የቅደም ተከተል ነው። በ12 ሳሕኖች ላይ ሠላሳ ሠላሳ ባቄላ አኑሮ፣ በ13ኛው ላይ የጳጉሜን 5 ፍሬ፣ በየ4 ዓመቱም 6 ማስቀመጥ ለሕፃን አእምሮ የሚከብድ ስሌት አይደለም። ይህን የጨበጠ ልጅ 28፣ 30 እና 31 ቀን ያላቸውን የጎርጎርዮስ ወራት በኋላ ሲማር አይደናገርም።

ይሁን እንጂ የውጭውን ሥዕል አውርዶ የደጋውን ሥዕል በመላ አገሪቱ መስቀልም ያው ጥፋት ነው። በቦረና ዋናው ዝናብ «ገንና» ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይጥላል፤ አጭሩ «ሐገያ» በመጸው ይመጣል፤ አዲስ አበባ በዝናብ በምትታጠብበት በሐምሌ የቦረና ምድር ደረቅ ነው። የሶማሌ አርብቶ አደርም ዓመቱን ጉ፣ ሐጋ፣ ደይርና ጂላል ብሎ ይከፍለዋል። ለያቤሎ ሕፃን «ሐምሌ የዝናብ ወር ነው» ማለት ለአዲስ አበባው ሕፃን ስለ በረዶ ከመስበክ በምን ይለያል?

ስለዚህ ሠዓሊው የየአካባቢውን ሰማይ ይሣል። ደራሲው ጳጉሜን ያልተዘለለችበት የወራት መዝሙር ይጻፍ። መምህሩ ልጆቹን ወደ ደጅ አውጥቶ የዘነበበትን፣ የተዘራበትንና የታጨደበትን ቀን ከእነርሱ ጋር ይመዝግብ። የባህልና የትምህርት ኃላፊውም አንድ ወጥ ሥዕል አሳትሞ ከማሠራጨቱ በፊት የየአገሩን ገበሬና አርብቶ አደር ይጠይቅ። የራሱን ሰማይ ማንበብ ያልተማረ ልጅ የወራትን ስም በቃሉ ቢወጣው ጊዜን ዐወቀ አይባልም።