ስለ ኑግ ገበሬ ማን ይናገር?

«ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» ይባላል። ዛሬ ግን ሰሊጡ የውጭ ምንዛሪ ያመጣል ተብሎ ሲከበር፣ ውቀጣው ለኑግና ለገበሬው ብቻ ተርፏል።

«ኑግ ምርቱ አነስተኛ ነው፤ ገበሬውም አያውቅበትም» የሚሉ በመካከላችን አሉ። እነዚህ ወገኖች የተክሉን ጠባይ ልብ ያሉት አይመስልም። የኑግ አበባ በራሱ ብናኝ ፍሬ አይቋጥርም፤ ከሌላ የኑግ ተክል ብናኝ የሚያመጣለት ንብ የግድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ በአበባው ወራት የተባይ መድኃኒት የሚረጭ ሰው ንቡን ሲፈጅ የጎረቤቱን ምርት ጭምር ያጠፋል። ይህን እኛ ለፈተና አጥንተን እንረሳዋለን፤ የጎጃምና የወለጋ ገበሬ ግን ጉዳቱን በጎተራው ያየዋል።

እንግዲህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ኑግ የሚያብበው ክረምቱ ሲወጣ ነውና፣ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት የምንሄድ ተማሪዎች ከዚያ በፊት ስለ ቀፎና ስለ ርጭት ጊዜ ገበሬውን እናነጋግር። ሁለተኛ፣ የፓልም ዘይት ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ የምትገዛ አገር የራሷን የቅባት እህል ችላ ማለቷ አያዋጣምና፣ መምህራኖቻችን ለተሻለ የኑግ ዘር ምርምር በጀት እንዲመደብ በየስብሰባው ይሟገቱ።

የኑግ መገኛ ኢትዮጵያ ናት። እኛ ዝም ካልን ሌላ ተናጋሪ የለውም።